«ክላሲካል»፦ ዘፋኝ ስለሌለው የሀገራችን ሙዚቃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናዬ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ሁለት ደቂቃ ያህል ይታገሳል። ከዚያ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይለኛል። አይገባም። ዘፋኝ የለውም። ሃያ ዓመት ሙሉ የምሰበስበውና ሰው የማሰለችበት ሙዚቃ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎችም ያው ስለሆኑ እዚህ አንድ ላይ መልሻቸዋለሁ። የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም፤ ወዳጅ ነኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ክላሲካል» ስትል ሞዛርትን ማለትህ ነው?

አይደለም። እኛ ጋ «ክላሲካል» ማለት ዘፋኝ የሌለው ማለት ነው። በኦርጋን የተጫወቱት ትዝታ ክላሲካል ነው። የሳክስፎን አምባሰል ክላሲካል ነው። ዋሽንቱም፣ ክራሩም፣ አኮርዲዮኑም እንደዚያው። የድሮ ካሴት ሻጭ ጋ ሄዳችሁ «ክላሲካል አለህ?» ብትሉት ቤቶቨንን አያወጣላችሁም።

ሙዚቃ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ይህን ቃል በዚህ ትርጉም ስጠቀም ፊቱ ይቀያየራል። እኔ ደግሞ «ማኪያቶስ?» እለዋለሁ። የጣሊያኖቹ ማኪያቶና የፒያሳው ማኪያቶ አንድ ነው እንዴ? ቃሉ መጣ፣ ለመደ፣ ሥራ ቀየረ። በ1985 የወጣው የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ካሴት እንኳ የእንግሊዝኛ ስሙ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነው። መሣሪያዎቹ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ናቸው። እንግዲህ ጋሽ ኃይሉ ካሉት እኔ ማን ነኝ።

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባህ?

በአንድ ካሴት። አባቴ የቀዳው ነው። ሽፋኑ ጠፍቷል፤ ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ «ክላሲካል 2» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለውም። የዘፈን ስም የለ፣ የባንድ ስም የለ። ክሩ በተጎተተ ቁጥር በእርሳስ እየጠቀለልኩ ነው ያደግሁት። ኤ ላይ ሦስተኛው ዜማ መሃል ላይ አንድ ሰው ያስላል። ዛሬ ያን ሙዚቃ በንጹህ ቅጂ ስሰማ ሳሉ ቦታ ላይ ሳይመጣ ሲቀር ቅር ይለኛል።

«ክላሲካል 1» የት ሄደ? ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ቃል የሌለውን ሙዚቃ ማን ያዳምጠዋል?

ሁላችሁም። ግን እያዳመጣችሁ መሆኑን አታውቁትም። ሬዲዮ ላይ አንዱ ፕሮግራም አልቆ ሌላው እስኪጀምር የሚገባው ጣልቃ ሙዚቃ ይኸው ነው። አውሮፕላን ውስጥ ሰው ሻንጣውን ከላይ ሲያስገባ የሚሰማውም እሱ ነው። ሆቴል ሎቢ፣ የሠርግ ምሳ፣ ስልክ ተደውሎ «እባክዎ ይጠብቁ» ሲባል። በሙሉ ክላሲካል ነው።

አንድ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ቡፌ ተሰልፈናል። ከበስተጀርባ አንድ የኪቦርድ ዜማ ይጫወታል። ከፊቴ ያሉት ትልቅ ሴትዮ ሳህን ይዘው ያንጎራጉራሉ። ከኋላዬ ያለው ልጅ በጣቱ ትሪ ይመታል። ጥብስ የሚያወጣው አስተናጋጅ ራሱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። «ይቺ ማናት?» ብዬ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና «ይቺማ የድሮ ናት» አሉኝ። ልጁ አያውቅም። አስተናጋጁም አያውቅም። ዜማውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሙን አንድም ሰው አያውቀውም። የኔ ቁጭት በሙሉ እዚህች ጋ ነው።

ግጥም ከሌለው ምኑ ይጥማል?

ጥያቄው ትክክል ነው። እኛ ግጥም ወዳድ ነን። አዲስ ዘፈን ሲወጣ «ግጥሙ ምን ይላል?» እንላለን፤ ቤዝ ጊታሩን ማን ተጫወተው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ግን አንድ ነገር አስቡ። አዝማሪ ቤት ስንቀመጥ «ተቀበል!» ብለን ግጥሙን የምንሰጠው እኛው ነን። ክላሲካል ማለት ለኔ እንደዚያ ነው፤ ተቀባዩ ቀርቶ ሰጪው ብቻ ተቀምጧል። ኦርጋኑ ትዝታን ሲጀምር እያንዳንዱ ሰው የራሱን ስንኝ ያስገባበታል። እናቴ ወጥ እያማሰለች የምታስገባበትን ስንኝ ሰምቻለሁ። የትም ካሴት ላይ አይገኝም።

ከየት ልጀምር?

ከዋሊያስ ባንድ። አልበሙ «ቸ በለው» ይባላል፤ 1977 ነው የወጣው። ስሙ ፈረስ ላይ ሆኖ የሚባለው ነው፤ ሙዚቃውም እንደዚያው ይጋልባል። እዚያ ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚል ሥራ አለ። ከሱ ጀምሩ። ባሱና ድራሙ መሬቱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ነፋሾቹ አጭር ዜማ ወርውረው ይመለሳሉ፣ ኦርጋኑ መሃል ገብቶ ያወራል። መጀመሪያ የሰማችሁ ቀን «ይህን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ» ትላላችሁ። ሰምታችሁታል። ከላይ አልኳችሁ አይደል።

ዋሊያሶች በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ ነበሩ። ዘመኑን አስታውሱ። ደርግ ገብቷል፤ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ማታ የወጣ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት ወደ ቤቱ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ሆቴል የገባው እስኪነጋ እዚያው ይቆያል። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እስቲ አስቡት፤ ውጭ ወታደር፣ ውስጥ ኦርጋን። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሰው ዓይኑን እያሸ ይወጣል።

ሌላው የማይረሳ ነገር፣ አልበሙ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውተዋል። እንደ እንግዳ ገብተው፣ ሳያጋንኑ።

ለምን ያኔ ያለ ዘፋኝ መጫወት ፈለጉ?

አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። ግጥም ሳንሱር አለበት። ዘፋኙ ስለ ፍቅረኛው የዘፈነውን ሌላ ሰው ስለ መንግሥት ነው ሊለው ይችላል፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነው። ኦርጋንን ግን ማን ይከሰዋል? ኦርጋን ምን አለ ተብሎ ይጻፋል?

ሁለተኛው የኔ ግምት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘፍን ጉሮሮ የለም። እስከ ንጋት የሚቆይ ታዳሚ ካለ የሆነ ሰዓት ላይ ባንዱ ብቻውን መቅረቱ አይቀርም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም በደንብ የማያዳምጥበት ጊዜ አለ። ያኔ ነው ሙዚቀኛ ያሰኘውን የሚሞክረው። ይህ ሙዚቃ እንዲህ ነፃ የሆነው ማንም ስለማያየው ይመስለኛል።

ኃይሉ መርጊያ ታክሲ ሲነዱ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠየቀኝም ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ጋሽ ኃይሉ በ1946 ተወለዱ። አኮርዲዮን በልጅነት በራሳቸው ተማሩ፤ ኦርጋኑ የመጣው በኋላ ነው። በ1981 እሳቸው ኦርጋን የሚጫወቱበት ዋሊያስ ባንድ አሜሪካ ለጉብኝት ሄደ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ ኖሩ፣ ተማሩ፣ ተጫወቱ። ቆይተው ታክሲ መንዳት ጀመሩ።

1985 ላይ ብቻቸውን አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገቡ። ባንድ የለም። የከበሮ ማሽን አለ፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር አለ፣ ያማሃ ዲኤክስ7 አለ። ከሁሉም በላይ የልጅነት መሣሪያቸውን፣ አኮርዲዮንን፣ መልሰው አመጡ። አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ካሴት ሠሩ። በዚያን ጊዜ አኮርዲዮን የአባቶች መሣሪያ ነበር፤ ሲንተሳይዘር ደግሞ የልጆች። እሳቸው ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው። ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ልክ እንደ ሰዓት ይመታል። አኮርዲዮኑ ግን ይተነፍሳል። ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ አዳምጡት። የስደት ድምፅ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ አንድም ቃል ሳይናገር።

ታክሲው ጋ ስንመለስ፣ ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ከሻንጣ አውጥተው የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። እዚያ ሰልፍ ላይ ስንት የሀገራችን ሹፌር ቆሞ ይሆን? ስንቱስ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በልቡ ያውቀዋል፤ የተጫወተው ሰው ሦስት መኪና ፊት እንዳለ ሳያውቅ።

በ2013 «ሸሞንሟናዬ» እንደገና ታተመ። ያሳተመው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚል ስም የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ ሰው ነው። ካሴቱን ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ከዚያ ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸው።

አሳዛኝ ታሪክ አይደለም?

ለኔ አይደለም። ታክሲ ነዳ ማለት ወደቀ ማለት ነው ያለው ማን ነው? ሰውዬው ሠርቶ አደረ፣ ጣቱን አላሳረፈም። ይህን ታሪክ እንደ ልቅሶ የሚጽፉት ሰዎች ያናድዱኛል።

ፈረንጆች ባያገኙት ኖሮ ይረሳ ነበር?

ይህ ጥያቄ ቤተሰብ ውስጥ ጠብ አስነስቷል፤ ቀስ ብዬ ልመልስ።

ውለታቸው አይካድም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን የድሮ ሙዚቃችንን የያዘ ተከታታይ አልበም ባያወጣ ኖሮ ብዙ ሸክላ አቧራ ይበላው ነበር። የኛን ሥራ የሠራልን እሱ ነው። የወንድሜ ክርክር ይህ ነው፤ እቀበለዋለሁ።

ግን «ተረስቶ ነበር» የሚለውን አልቀበልም። እስቲ የባሕር ዳሩን ነገር እንደገና እዩት። ካሴቱ የወጣው 1985 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ አንድ እንግዳ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ገዛው። የተረሳ ነገር ሱቅ ላይ ይገኛል? አንድ ሰው ይዞታል፣ አንድ ሰው ይሸጠዋል፣ አንድ ሰው ይገዛዋል። እኛ አልረሳነውም። ያላደረግነው ሌላ ነገር ነው፤ ማን እንደተጫወተው አልጻፍንም። «ክላሲካል 2» ብለን ዘጋነው።

ክርክሩ እዚህ ጋ ሲደርስ አባቴ ሁሌም ክፍሉን ለቆ ይወጣል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ። ችግሩ እኔ ነኝ?

መጀመሪያ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይለዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ ቅኝቶቹ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፣ ተጫዋቹ ሁሉ እዚያው ይመላለሳል። ዘዴ ልንገራችሁ። አንዱን ቅኝት ብቻ ያዙና በተለያየ እጅ ስሙት። አምባሰልን በዋሽንት ስሙ፣ ከዚያ በሳክስፎን። አንድ ሳምንት ብቻ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ነው ካላችሁኝ እተዋለሁ።

ሳክስፎን ይሸልላል እንዴ?

የጌታቸው መኩሪያ ይሸልላል። ጋሽ ጌታቸው በ1935 ተወልደው በ2016 አረፉ። ሽለላን ታውቃላችሁ፤ ጀግና ከጦርነት በፊት ደም የሚያሞቅበት ነው። ድምፁ ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ያን ጉሮሮ አንስተው ቴነር ሳክስፎን ውስጥ ከተቱት። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው የሚታዩበት ፎቶ አለ፤ አንድ ጊዜ ያየው አይረሳውም።

የውጭ ጸሐፊዎች ይህን አጨዋወት ሲሰሙ የአሜሪካን ፍሪ ጃዝ ያነሳሉ። ይመስላል። ግን ከዚያ አልመጣም። ከሽለላ ነው የመጣው። አያቴ አንድ ቀን ሰምቶት «ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚፎክርበት?» አለ። ከሁሉም ትንታኔ የአያቴ ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ደስ የሚለው ደግሞ የኋላው ታሪክ ነው። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፐንክ ባንድ አለ። ጊታራቸው እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዟቸው። እሳቸውም ወደዷቸውና ከነሱ ጋር አልበም መቅዳት ፈለጉ። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከፐንኮች ጋር። ማን ማንን እንደሚያሯሩጥ አዳምጣችሁ ንገሩኝ። ለኔ ሽማግሌው ነው የሚያሯሩጠው።

ፒያኖ የሚጫወቱት መነኩሲት ማን ናቸው?

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ደስ ይለዋል፤ «ክላሲካል» የሚለው ቃል በሱም በኔም ትርጉም የሚሠራው እሳቸው ላይ ነው።

በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። ያኔ ስማቸው የውብዳር ነበር፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊን እዚያ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን ሀገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ተማሩ። ቀጥሎ ለንደን የመማር ዕድል መጣ። ሊሄዱ ሲሉ ተከለከሉ። ያ ክልከላ ሰበራቸው፤ እህል አልቀምስም ብለው ለሞት ደረሱ። ሲድኑ ግሸን ማርያም ወጡና መነኮሱ። እዚያ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ የለም።

ከዚያ ተመለሱ። በ1967 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ቀዱ። ገቢው ወላጅ ላጡ ልጆች ነበር። በ1984 ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ገቡና በ2023 እስኪያርፉ እዚያው ኖሩ። ዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።

ሙዚቃው እንዴት ነው? ግራ እጃቸው አውሮፓ ነው፤ እንደ ዋልትዝ ይወዛወዛል። ቀኝ እጃቸው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንዱን ድምፅ ይዞ ይስለዋል፣ ይጎትተዋል፣ ቶሎ አይለቀውም። ሁለቱ እጆች አንዳንዴ አይጠባበቁም። ምት አይቆጥሩም ማለት ይቻላል። ዝናብ ሲዘንብ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ እንደሚያስብ ሰው ነው። እኔ መኪና ውስጥ አላደርገውም፤ ፍሬን መያዝ እረሳለሁ።

አክስቴ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሄዳ ደብረ ገነትን ተሳልማለች። ክቡን ቤተ ክርስቲያን ዞራለች፣ ግቢው ውስጥ ዳቦ በልታለች። ስትመለስ «እማሆይን አየሻቸው?» አልኳት። «የትኛዋን እማሆይ?» አለችኝ። እዚያ ፒያኖ የሚጫወቱ መነኩሲት እንዳሉ ማንም አልነገራትም። ሥራዎቻቸው በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ወጥተው ዓለም ሁሉ እያወራ ነበር። ሌላው ቀርቶ በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ የሥራዎቻቸው ኖታ በመጽሐፍ ታትሞ ኮንሰርት ተደርጓል።

ሙላቱን ለምን ዝም አልክ?

ጋሽ ሙላቱ ዝና አልጎደላቸውም። ሙዚቃቸው የአሜሪካዊው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ በ2005 ከገባ ወዲህ የዓለም ሰው ናቸው። እኔ የምጽፈው ስሙ ስለጠፋው ነው። ብቻ አንድ ነገር፦ የእህቴ ልጅ ራፕ እንጂ ሌላ አይሰማም። ናስና ዳሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡትን «አዝ ዊ ኢንተር» ሲሰማ «ሥሩ ያለው ሙዚቃ የኛ ነው» አልኩት። አልሰማኝም። የጋሽ ሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ከፈትኩለት። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «አጎቴ፣ ሰረቁን?» አለኝ። አልሰረቁንም አልኩት። አባቴ ግን ከሶፋው ላይ «ሰረቁን እንጂ!» አለ።

አኮርዲዮንና ማንዶሊን የት ጠፉ?

አኮርዲዮን የጠፋው ሲንተሳይዘር ሲገባ ነው። አንድ ኪቦርድ የነፋሹንም የአኮርዲዮኑንም ሥራ ይሠራል፣ ደመወዝ አይጠይቅም። ግን ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። ግሩም መዝሙር በ2008 ያቋቋመው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የድሮዎቹን ዜማዎች በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በማንዶሊን መልሶ ተጫውቷቸዋል። ማንዶሊኑን የያዙት አየለ ማሞ ናቸው። ማንዶሊን አማርኛ ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይናገራል። እንዲያውም ትንሽ ወሬኛ ነው።

ኪቦርድ ላይ ተዘጋጅቶ የመጣውን ምት እየከፈቱ የሚጫወቱትንስ ትወዳለህ?

እዚህ ላይ ጓደኞቼ በሙሉ ይለዩኛል። አዎ፣ እወዳለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ሸሚዝ። ከማሽኑ ውስጥ የላቲን ምት ይከፍታል፣ በላዩ ላይ ባቲ ይጫወታል። ምቱ የማያልቅ ነው፤ ዜማው ቢያልቅም እሱ ይቀጥላል። ሰውዬው ቁልፉን ፈልጎ እስኪዘጋው ድረስ አራት አምስት ሰከንድ ባዶ ቺክ ቺክ ይላል። ያቺን ሰከንድ እወዳታለሁ። ማንም እንደማይቀዳት ስለማውቅ በስልኬ እቀዳታለሁ።

ስሙን የማላውቀው ዜማ አለኝ። እንዴት ላገኘው?

ስልክ ላይ ያለው ሙዚቃ ለዪ መተግበሪያ አንዳንዴ ይሠራል፤ ለድሮ ካሴት ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ከሱ የሚሻለው ሰው ነው። ዕድሜው ከስልሳ በላይ የሆነ፣ ቢቻል ድሮ ማታ ማታ ይወጣ የነበረ። አንጎራጉሩለት። አታፍሩ። ስሙን ባይነግራችሁ እንኳ የት ይጫወት እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደጨፈረበት ይነግራችኋል። የኔ ስብስብ ውስጥ ግማሹ የተገኘው እንዲህ ነው። አንዱን እንዲያውም ያገኘሁት የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ግማሽ አፌ ደንዝዞ ነው።

«ክላሲካል 2»ን ትሸጠዋለህ? ታውሰኛለህ?

አይ።

«ክላሲካል 1» ተገኘ?

ለዓመታት ፈለግሁት። ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ አጎቴ ቤት። አባቴን ስጠይቀው «እሱ ጠፍቷል» ይልና ወሬ ይቀይራል። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ተሰብስበን እንደገና ጠየቅሁ። አባቴ እናቴን አየ። እናቴ ዶሮውን አየች። ከዚያ «ባዶ መስሎኝ ነው፤ መዝሙር ቀዳሁበት» አለች። 1991 ላይ። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠፋ ሲል የከረመው እሷን እንዳያስወቅስ ነው።

ካሴቱ እዚያው መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ላዩ ላይ ባለው ፕላስተር በሷ ጽሕፈት «መዝሙር» ይላል። ፕላስተሩን በጥፍሬ ሳነሳው ከሥሩ ሰማያዊው ቢክ ብቅ አለ። ኤ በሙሉ መዝሙር ነው። ቢ ላይም መዝሙር ነው። የመጨረሻው መዝሙር አልቆ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እናቴ ማቆሚያውን ስትጫን ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ሰከንድ ያህል ኦርጋን ቀርቷል። ክሩ እስኪያልቅ ድረስ። ማን እንደተጫወተው እስካሁን አላገኘሁም።